ገና ሳልወስን የደረሰ አደራ

ገና ሳልወስን በርበሬው ደረሰ። ሁለት ኪሎ ይሆናል፤ በፌስታል ተቋጥሮ፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የአንዲት ልጅ ስምና የውጭ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከሥራ ስመለስ እናቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው አገኘሁት። በማግስቱ በሶ መጣ። ከዚያ ሽሮ። ከዚያ ደግሞ በፕላስቲክ ዕቃ የተነጠረ ቅቤ፣ ክዳኑ በስኮች የታሸገ። ወይ ጉድ! እኔ እሄዳለሁ ወይም አልሄድም ሳልል ሻንጣዬ በሰው ዕቃ ሞላ።

እዚህ መካነ ሰላም አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። አንድ የአረብ ሀገር ሆስፒታል በአዋላጅነት ሊቀጥረኝ ፈልጎ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አደረገልኝ፤ ኔትወርኩ አራቴ እየተቋረጠ አለፍኩ። ውሉን ላኩልኝና እስከ እሁድ መልስሽን አሳውቂን አሉኝ። የነገርኳት ለእናቴ ብቻ ነው። ያጋለጠኝ ፎቶ ቤቱ ነው። ጉርድ ፎቶ ልነሳ ገብቼ ጀርባው ነጭ ይሁን ስለው ፎቶ አንሺው ቀና ብሎ አየኝና "አይ፣ አንቺም?" አለኝ። በኛ ከተማ ነጭ ጀርባ ያለው ፎቶ የአረብ ሀገር ቪዛ ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እስከ ገበያ ቀን ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ቅቤውን ያመጣችው ከወግዲ ድረስ በሚኒባስ የመጣች ሴት ናት።

"ልጄ ቤይሩት ናት፣ አደራሽን" አለችኝ።

"እትዬ፣ እኔ የምሄደው ቤይሩት አይደለም። ሌላ ሀገር ነው። መሄዴም ገና አልታወቀም።"

"ያው አረብ ሀገር አይደለም እንዴ? ስትገናኙ ትሰጫታለሽ።"

ተቀበልኳት። ለምን እንደተቀበልኳት እስከዛሬ አላውቅም። ያን ሁሉ መንገድ ቅቤ ታቅፋ የመጣችን እናት እንዴት አድርጌ መልሺው ልበላት? ሲመሽ በራሴ ተናደድኩ፤ ጠዋት ደግሞ ሌላ በሶ ተቀበልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ እሄዳለሁ እላለሁ። አብረውኝ የተማሩት ሄደዋል፤ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸው የወዛ፣ በቪዲዮ ሲደውሉልኝ ዓይኔ ይቀላል፣ ቅናት ነው፣ ምን እደብቃለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ሴት እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ "እንዳትሄጂብኝ" ስትል፣ እሷ ከአልጋዋ አጠገብ ማለቷ ነው፣ እኔ ግን የት ትሄጃለሽ የተባልኩ ያህል እደነግጣለሁ። ማታ እንደገና እሄዳለሁ። እንዲህ ስገለባበጥ አንድ ሳምንት አለፈ።

ምክር የሚሰጠኝ ሰው አጥቼ አይደለም። እናቴ አረብ ሀገር አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ሄደች፣ ኮሌጅ ልጨርስ ስል ተመለሰች፤ በመሀል አንድ ቀን አልመጣችም። አዋላጅ ያደረገችኝ የሰው ቤት አጥባ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ስምንተኛ ክፍል ሆኜ አባቴ ሞተ። እሷም አልመጣችም። በስልክ አለቀሰች፣ አለቀሰችና "ልጄ፣ አልተመቸኝም" አለችኝ። አልተመቸኝም! ሰው ለሠርግ ጥሪ እንደሚለው። ያቺን ቃል ቂም አድርጌ ያዝኳት። ከተመለሰች አሥር ዓመት አልፏታል፣ አንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን፣ ግን ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም።

ለዚህ ነው እሷን መጠየቅ የከበደኝ። ቢሆንም አንድ ከሰዓት ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?"

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ሰው ቤት አይደለም እኮ፣ ሆስፒታል ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ኧረ በአላህ! አሥራ አንድ ዓመት የኖርሽበት ሀገር ነው፣ አንድ ነገር ንገሪኝ!"

አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለችና "ሙቀት ነው" አለችኝ።

ብስጭት ብዬ ተነሳሁ። ከኋላዬ "ሐሙስ ዱአ ይደረግልሽ" ስትል ሰማኋት።

በኛ አገር ዱአ ሲደረግ ጭንቅ ያለበት ሰው አቅሙ የቻለውን ይዞ ሰው በተሰበሰበበት ይቀርብና ሐጃውን፣ ማለትም የሚፈልገውን ነገር፣ በአፉ ይናገራል። ሸሁ ተቀብለው ይመርቃሉ፣ ሰው ሁሉ አሚን ይላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንዷ ልጅ ትለምናለች፣ አንዱ ዝናብ፣ ነጋዴው ገበያ። የምፈልገውን አላውቅም ብሎ የቀረበ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋ እኔ ልሆን ነው ብዬ ሐሙስን ፈራሁት።

ሐሙስ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ፣ ከእናቴ ጋር ወደ ሸሁ ቤት ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። ግማሹ ሴት እኔ ያዋለድኳት ናት። ሸሁ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጆሯቸው ግን ንቁ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ "በይ ልጄ፣ ሐጃሽን ተናገሪ" አሉኝ።

"አባባ፣ እኔ... ገና አልወሰንኩም።"

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። "ታዲያ ምኑ ላይ አሚን ይበሉልሽ?"

ቅቤዋን የሰጠችኝ የወግዲዋ ሴት ከወደ በሩ "በሰላም ሄዳ በሰላም ትመለስ በሏት!" አለች። ሦስቱንም ልጆቿን ያዋለድኩላት ክርስቲያን ጎረቤታችን ደግሞ ቆጣ ብላ "ኧረ እዚሁ ትቅርልን! እኛን ማን ያዋልደን?" አለቻት። ጭቅጭቁ ጦፈ። አንዱ ሂጂ፣ አንዱ ቅሪ፤ እኔ መሀላቸው ተቀምጬ መሬቱ ቢሰነጠቅና ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሰው ፊት ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ እናቴ ያኔ እጇን ዘረጋች።

"የልጄን ሐጃ እኔ ልናገርላት" አለች። "መሄድ መቅረቱ የራሷ ነው። ከሄደች ግን ፓስፖርቷ ከእጇ አይውጣ።"

ሸሁ ሌላ ትጨምር እንደሆነ ጠበቋት። አልጨመረችም። "ፓስፖርትሽ ከእጅሽ አይውጣ" ብለው መረቁኝ፣ ቤቱም አሚን አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ሰው ጤና ይለምናል፣ ትዳር ይለምናል፤ የኔ እናት ፓስፖርት! አፈርኩባት። መንገድ ላይ "ምነው እማ፣ ይሄም ዱአ ሆነና ነው?" አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

ቤት ገብቼ ግን አላስችል አለኝ። ውሉን በስልኬ ከፈትኩት። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ደሞዙን፣ መኖሪያ ቤቱን፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ዓይኔ ዝም ብሎ ያለፋት አንዲት መስመር ነበረች። ሠራተኛዋ እንደደረሰች ፓስፖርቷን ለአስተዳደር ክፍል ታስረክባለች ትላለች። መቼ ይመለስልኛል? አይልም። እዚያው ቁጭ ብዬ ጥያቄዬን ጻፍኩላቸው።

መልሱ የመጣው እሁድ ጠዋት ነው፣ ቀነ ገደቡ በሚያልቅበት ቀን። በጣም ትሑት መልስ ነው። የተለመደ አሠራር ነው፣ ሁሉም ሠራተኞቻችን ያደርጉታል፣ ፈቃድ ሲፈቀድልዎ ይመለስልዎታል፣ አይስጉ ይላል። እናቴ እየሰማችኝ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩት። "አየሽ፣ ሲፈቀድልኝ ይሰጡኛል" አልኳት፣ ራሴንም እንደማጽናናት ብዬ።

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ከሳጥኗ በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። የድሮ ፓስፖርቷ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶው ላይ ከእኔ የምታንስ ልጅ አለች። አይቼው አላውቅም ነበር።

"አባትሽ የሞተ ቀን አሠሪዬን፣ መዳሟን፣ ይሄን ስጪኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ" አለችኝ። "ጊዜሽ አልደረሰም አለችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ቁም ሳጥኑን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልተመቸኝም አልሽኝ?"

"የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ተቆልፎብኛል ብልሽ ትምህርትሽ ይገባሽ ነበር?"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ለቅሶዋን ያኔ በስልክ ጨርሳዋለች መሰለኝ። ያን ሁሉ ዓመት በሷ ላይ የያዝኩትን ቂም ምን ላድርገው?

ለሆስፒታሉ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ፓስፖርቴ እኔ ጋ ከሆነ እመጣለሁ፣ ካልሆነ አልመጣም። ይኸው እስካሁን አልመለሱልኝም። በርበሬው፣ በሶውና ቅቤው ሻንጣዬ ውስጥ እንደተደረደረ ነው፤ ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ መቼ ነው ይለኛል፣ እኔም አላውቅም እላለሁ።

የዚያን ቀን ግን እናቴ ፓስፖርቷን መልሳ ልትጠቀልለው ስትል እጄን ዘረጋሁ። "አምጪው፣ እኔ ጋ ላስቀምጥልሽ" አልኳት።

ሰብሰብ አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

"የለም ልጄ" አለችኝ። "ይሄስ ከእጄ አይወጣም።"