እናቴ የነፋችው አፈር

ወጣትነቴን በነዳጅ በከበረ አገር ወለል ስወለውል ጨርሼ መካነ ሰላም ስመለስ፣ ነዳጁ ቀድሞኝ እናቴ ጓሮ ገብቶ ጠበቀኝ። አረቦቹ ምድር ሰርስረው የሚያወጡትን እኛ ያለ ድካም አገኘነው። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ማደያ ከመሬት በታች የቀበረው ታንከር ያፈሳል፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ የእናቴ የነጭ ሽንኩርት መደብ አለ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ጓሮው ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ። ከከላላ ድረስ በበቅሎ እየመጡ ሽንኩርቷን የሚገዙ ደንበኞቿ አሽትተው፣ መልሰው አስቀምጠው ሄዱ።

እናቴ ያንን መደብ ከእኛ ከልጆቿ አስበልጣ ትወዳለች ብል ወላሂ አልዋሸሁም። አይፈረድባትም። እኛ ሁላችን ባሕር ተሻገርን፤ እሱ የትም አልሄደባትም።

ባለማደያውን ስናነጋግረው ድንገት ጉንፋን ያዘው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመኪና ጭስ ይሆናል» አላት በትሕትና። የከተማው ሹማምንትም መጡና አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው «ሽታ ማስረጃ አይሆንም» አሉን። አፈሩ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄዶ ነዳጅ ከተገኘበት ታንከሩ ይወጣል፤ ካልተገኘበት አርፈን እንቀመጣለን። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። በእኛ ሰፈር የሁሉም አፍንጫ ተመትቶ ያለቀሰችው እናቴ ብቻ ናት።

እኔ አውቶቡስ ፍለጋ ስሯሯጥ አፈሩን እናቴ አዘጋጀች። ጥብቅ አድርጋ የቋጠረችውን ሳልፈታ ይዤ ሄጄ አስረከብኩ። ውጤቱም መጣ፦ ነዳጅ የለበትም። ባለማደያው የውጤቱን ኮፒ በፍሬም አሠርቶ ማደያው ላይ ሰቀለው። የልጁ የምረቃ ፎቶ እንኳ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም።

ተናድጄ ተመልሼ ላቦራቶሪ ሄድኩ። የመረመረው ሰውዬ የተረፈውን አፈር አሳየኝ። «እህቴ፣ ይሄን ምን አድርጋችሁት ነው? ዱቄት እኮ ነው» አለኝ።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ምን አደረግሽ ትለኛለች እንዴ!» አለች ኮራ ብላ። «ለቀምኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ በወንፊት ነፋሁት። የሚሸተውን እርጥቡን ጓል አውጥቼ ጣልኩ። ለሰው የሚላክ ነገር እንዲሁ ከነቆሻሻው ይላካል?»

አረብ አገር ሳለሁ የምትልክልኝን ሽሮ የምታዘጋጀው ልክ እንደዚያ ነበር። አንድም ቀን ነቅዞ ደርሶኝ አያውቅም። ቤንዚኑ ፀሐይ ላይ በንኖ የቀረውን ደግሞ እጇ ለቅሞ ጥሎታል። ሰውዬው እየሳቀ ባለክዳን ብልቃጥ ሰጠኝ። አፈሩን ከነእርጥበቱ ጢም አድርጌ እንድሞላ፣ ወዲያው እንድከድን፣ በበረዶ ሣጥን እንዳመጣ አስጠነቀቀኝ።

በሁለተኛው ጊዜ እኔው ቆፈርኩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ብልቃጡን እያየች «ምን ይሉናል?» ትላለች። ያፈረችው ባለማደያው ሳይሆን እሷ ነበረች።

ነዳጁ ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ። በሕይወቴ ጓሯችን በመበከሉ እንዲህ እደሰታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ታንከሩ እንዲወጣ ተወሰነ። ከውሳኔው ጋር ማንም አስቀድሞ ያልነገረን ሌላ ነገር መጣ፦ የመደቡ አፈር በሙሉ ተዝቆ ይጣላል፤ እስከዚያ አንዳች አይዘራበትም። አሸንፈን መደቡን አጣን።

ገልባጭ መኪናው አፈሩን ሲጭን እናቴ ወደ ጓሮ ብቅ አላለችም። አኩርፋ ይሆናል ብዬ ልፈልጋት ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ የዘይት ቆርቆሮ አለ፤ በውስጡ ደቃቅ፣ ደረቅ አፈር። ያን ጊዜ የነፋችውን ሁሉ አልላከችውም ኖሯል። ትራፊውን አስቀምጣዋለች።

«ይሄኛው ንጹሕ ነው ብለው የለ?» አለችኝ፣ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ እየቀበረች። «ማኅተም አድርገውበታል።»

ከዚያ ሁሉ መሬት የተረፋት አንድ ቆርቆሮ ነው። ቆንጠር አድርጋ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።

«እስቲ አሽቺው።»

አሸተትኩት። አፈር አፈር ይሸታል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።