ሁለት ሁለት የሆኑት መጻሕፍት

አዋላጇ ጡረታ በወጡ በዓመቱ መጻሕፍታቸውን መመዝገብ ጀመሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሕፃን ሲቀበሉ ለኖሩ ሴት ቤት መዋል አልሆን ብሏቸው ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ሌላ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ናት።

"እማዬ፣ ሰው ሁሉ እየደወለ 'ያ መጽሐፍ አለሽ ወይ' ከሚልሽ፣ ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ አውጪው፤ ራሱ አይቶ ይጠይቅሽ" አለችና ገጹን ከፍታ አሞላሉን በስልክ አስረዳቻቸው።

ሥራውን ወደዱት። መደርደሪያው ከሳሎን አልፎ ኮሪደሩን ይዞ መኝታ ቤት ገብቷል። አንድ በአንድ እያወረዱ አቧራውን ይጠርጉና ሽፋኑን ፎቶ ያነሣሉ፤ ከዚያ ርእሱንና የታተመበትን ዓመት ፊደል በፊደል እየፈለጉ በአንድ ጣት ይጽፋሉ። በቀን ሃያ ከሞላላቸው ደስታቸው ነው።

በአራተኛው ቀን ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያስገቡ፣ ገጹ "ይህ መጽሐፍ ከዚህ ቀደም ተመዝግቧል" አላቸው። ተነሥተው ቢያዩ እውነትም ሁለት ነው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ኮሪደር። ሁለተኛውን መቼ እንደገዙት ፈጽሞ ትዝ አላላቸውም። መደርደሪያውን ሲጨርሱ እንዲህ ሁለት ሁለት የሆኑት ሰባት ደረሱ።

እናታቸውንም የመርሳት በሽታ ሲጀምራቸው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ስኳር እያለ ስኳር መግዛት፣ በመጨረሻ ደግሞ የገዛ ልጃቸውን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ማለት። አዋላጇ ለማንም አልተናገሩም። ድስት ጥደው የወጡ እየመሰላቸው ከመንገድ ይመለሱ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙና መልሰው ሰረዙት።

ዝርዝሩ ላይ ግን አልዋሹም። በሰባቱ ሥር "ሁለት ቅጂ አለ። ሁለተኛውን መቼ እንደገዛሁት አላስታውስም። የሚፈልግ ይውሰድ" ብለው ጽፈው ለዘመድ ለወዳጁ ላኩት።

በማግስቱ ታናሽ ወንድማቸው መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጭነት እስኪራገፍ ድረስ የሚያነበውን ሁልጊዜ የሚወስደው ከሳቸው ነው። ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ዝርዝሩን አየሁት።"

"እና?"

"እነዚያን ሰባቱን አንቺ አልገዛሻቸውም። እኔ ነኝ።"

አዋላጇ ወንበር ሳቡ።

"የወሰድኩት መጽሐፍ የት እንደገባ ሲጠፋኝ፣ ቁጣሽን እፈራና ሌላ ገዝቼ መደርደሪያው ላይ እሰካለሁ። በኋላ የጠፋው ከመኪናው ወንበር ሥር ይገኛል። ምን ላድርገው? እሱንም አምጥቼ ክፍት ቦታ ባገኘሁበት እሰካዋለሁ።"

"ሰባት ጊዜ?"

"በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እኮ ነው፣ እትዬ። ያን ያህልም አይደለም።"

ቁጣውን እየጠበቀ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን እንባቸው ቀደማቸው፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣና ጎናቸውን ይዘው ሳቁ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎኝ ነበር።"

"እንደ እማማ?"

"እንደ እማማ።"

አጠገባቸው ቁጭ አለ።

"ይህን ባውቅ ኖሮ" አለ፣ "ያኔውኑ ቁጣሽን እችለው ነበር።"

ያን ዕለት ከሰዓት ለልጃቸው ደውለው ሁሉንም ነገሯት። "ይህን ሁሉ ቀን ጭንቀቱን ለብቻሽ ይዘሽ ዝም አልሽኝ?" ብላ ተቆጣቻቸው። ቁጣዋ እንኳ ጣማቸው። ከስንት ቀን በኋላ ያን ዕለት ምድጃውን ሳያዩ ከቤት ወጥተው እስከ ገበያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

ትርፎቹ ሰባት መጻሕፍት በአንድ ሳምንት አለቁ። የንቡን የወሰደው አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። "ሁለት ቀፎ አለኝ፤ አያያዙን ግን እንጃ" ብሎ ጻፈላቸው፣ መጥቶም ደጃፉ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ።