ያላላሁት ዳዶ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ስድቤን፣ ስካሬን፣ ጾም መግደፌን እዘረዝራለሁ፤ እሱ ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል። አንተ አታውቀኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ላንተ መንገሩ የቀለለኝ። ፈሪ ነኝ። ከፈለግክ ከዚህ ጀምረህ ፍረድ።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። አሮጌ ሞተር ከሆነማ ከቴፒም ከማጂም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። "እሱ ያልቻለውን ቆራሌው ይውሰደው" ይላሉ። ይሄ ወሬ ነው ያጠፋኝ።

ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ የወባ መከላከል ሠራተኛ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ገዝተው በየገጠሩ የዞሩባት ሞተር ጓሯቸው ውስጥ ዶሮ ሲሰፍርባት ኖራ፣ አንድ ቀን በጋሪ አስጭነው አመጧት። የእህታቸው ልጅ ሸኮ ልትዳር ነው፤ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን እንደ ድሮው ከኋላ አፈናጠው ሠርጉ ላይ መድረስ ፈልገዋል። "እንደ ሙሽራ አድርግልኝ" አሉኝ። አደረግኳት። ቀለም ቀባሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ኒኬሉን ፊቴን እስካይበት ወለወልኩት።

የኋላ ጎማዋ ግን ይጎተታል። በመቆሚያዋ አቁሜ በእጄ ሳሽከረክረው ግማሽ ዙር ይሄድና ቀጥ። ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና ፈታሁ፤ ያው። ኩሽኔታዎቹን ቀየርኩ፤ ያው። የፍሬኑን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ትንሽ ተሻለውና መልሶ ያዘ። ፍሬኑ አንዴ ከያዘ እንደማይለቅ ገባኝ፤ ለምን እንደማይለቅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልገባኝም። ሠርጉ በማግስቱ ነው። "ጋሼ፣ አላወቅኩትም፤ በሚኒባስ ይሂዱ" ማለት ምን ነበረበት? አፌን ማን ዘጋው? እኔው ራሴ።

መዶሻ አነሳሁ። ከጎማው ጎን ያለውን የፍሬን ክንድ ወደ ኋላ መታ መታ አደረግኩና ከፍሬን መርገጫው የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ አላላሁት። ጎማው እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። መርገጫውን ስረግጠው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ያዝ ያደርጋል። አወቅኩ። እያወቅኩ አላላሁ። የፊት ፍሬን ደግሞ የላትም። በእኛ አገር ጭቃ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው በአፍንጫው ነው የሚያርሰው፤ ስለዚህ ሁላችንም ሽቦውን ፈትተን እንጥላለን። የእሷንም የፈታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሰው ጭና ቁልቁለት የምትወርድ ሞተር በአንድ ፍሬን፣ እሱም እኔ ባላላሁት!

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲፈናጠጡ "ወልዴ፣ በስተርጅና መሳቂያ እንዳታደርገኝ" አሉ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሸኮ ሳይደርሱ ቁልቁለቱ ላይ ወደቁ። ጋሽ ወልዴ ተጫጫሩ እንጂ ደህና ነበሩ። እትዬ አስካለ ዳሌያቸው ተሰበረ። ዛሬም የሚሄዱት በምርኩዝ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ስህተት ነው ልልህ እችል ነበር። አላበቃም። ሞተሯን እኔው ጋ አምጥተው አስቀመጧት፤ ጋሽ ወልዴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ፍሬኗን ሊያዩ እየመጡ ነው ተባልኩ። ከመድረሳቸው በፊት ዳዶውን አጠበቅኩት። የዘወትር ሥራዬን እንደምሠራ ረጋ ብዬ ነው ያጠበቅኩት፤ እሱን ነው ለራሴ ይቅር የማልለው። እኔ ጎማውን ሳሽከረክር እሳቸው መርገጫውን በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው ተጫኑት። ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹም አዩ። "እንግዲያው እግሬ ነው የሰነፈው" አሉ ጋሽ ወልዴ። "የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። አልረገጥኩም ማለት ነው። አስካልዬን የሰበርኳት እኔ ነኝ።"

እኔ ምን አልኩ? "ዕድሜ ነው ጋሼ" አልኩ። ምላሴን ይቁረጠውና፣ "ዕድሜ ነው" አልኩ!

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመታት አለፉ። እኔን ነው የፈጀኝ። ሚዛን ትንሽ ናት፤ የት እገባለሁ? ገበያ ስወጣ ጋሽ ወልዴን አገኛቸዋለሁ፤ የሚስታቸውን ዘንቢል ተሸክመው ከእሳቸው እርምጃ እኩል ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሹፌሩን "ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ" ይላሉ። እኔን ሲያዩ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው "አንተማ አሳምረህ ሠርተህልኝ ነበር" ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ምናለ!

ባለፈው ሳምንት ሞተሯን አስገፍተው መጡ። "አስካለ ስታያት ትጨነቃለች። የደከምክባት አንተ ነህ፤ ላንተ ትሁን" አሉና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። እምቢ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ተቀበልኩ። አሁን ጋራዤ በር ላይ ቆማለች፤ ስገባም ስወጣም እሷን ታክኬ ነው።

ትናንት የኋላ ጎማዋን አሽከረከርኩት። ግማሽ ዙር፣ ቀጥ። ፈታታኋት። ሸራውን የምትገፋ ጣት የምታህል ብረት አለች፤ ቀዳዳዋ ውስጥ የድሮ ቀይ ጭቃ ከዝገት ጋር ደርቆ ቀርቅሯታል። አውጥቼ ጠረግኳት፣ ግራሶ ቀባሁ፣ መለስኳት። ስረግጥ ያዘ፤ ስለቅ ለቀቀ። የግማሽ ሰዓት ሥራ! ለካ ከዚያ በፊት የነካካሁት ሁሉ ዙሪያዋን ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ ከሰዓት ቤታቸው እሄዳለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ልሂድ ብዬ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን አንገቴ ላይ ድንጋይ ካዩ ሳይሰሙኝ "ተው፣ ጣለው፣ ይቅር ብያለሁ" የሚሉ ሰው ናቸው። ይቅርታቸውን እንዲህ በርካሽ ልወስድ አልፈልግም። ባዶ እጄን ሄጄ፣ እትዬ አስካለ ባሉበት፣ የሚጠሉኝም ከሆነ እስኪጠሉኝ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፦ ጋሼ፣ እግርዎ አልሰነፈም። ረግጠው ነበር።