የሦስት ደቂቃ ስልክና የሜጋ ጨው

ከክብረ መንግሥት የተነሣሁት የቀበሌ ይለፍ ወረቀቴን ይዤ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። ነገሌ የምትነግደው ልጄ አስቴር «ሱቁን ልዘጋው ነው» ብላ ልካብኝ ነበር። ስልክ ከገባላቸው ወዲህ ንግዱ ይደራል ሲባል እንዴት ይዘጋል? በዓይኔ ላየው ፈለግሁ።

ነገሌ

አስቴር የከብት ጨው ትሸጣለች። የሚልኩላት ሜጋ ያሉ ሽማግሌ፣ አባ ጅሎ ናቸው። ድሮ ራሷ ሜጋ ስትመላለስ ሱቁ ተዘግቶ ይሰነብት ነበር። አሁን ስልክ አለ፤ ጨው ግን የለም። አርቢዎቹ ባዶውን ወለል አይተው ጎረቤት ይገባሉ።

«ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡን» አለችኝ ስልክ ቤት ወስዳኝ። «አባ ጅሎ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሲጠይቁኝ መስመሩ ይቆረጣል። ባለፈው ሰላም ሳልል ‹ጨው ላኩልኝ› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሜጋ ስልክ ቤት ቢጠሩም አይመጡም።»

ስልክ የምታገናኘው ሴት ሳቀች። «እማማ፣ ሰላምታውን በመኪና ይላኩት፤ በስልክ ጨዉ ብቻ ይበቃል።»

እሷ ስትቀልድ እኔ መኪና መፈለግ ጀመርኩ።

ሜጋ

መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ያቤሎ አድረን ሻይ በስሙኒ ጠጣንና በማግስቱ ደረስን። አባ ጅሎ በረታቸው አጠገብ፣ ግራር ጥላ ሥር ነበሩ።

«አካም፣ ናጋ?» አልኳቸው በኦሮምኛ፣ ደኅና ነዎት ወይ ለማለት።

«ናጋ» አሉ፣ ሳያዩኝ።

የአስቴር እናት መሆኔን ነግሬያቸው ከብቱን ጠየቅሁ፣ ዝናቡን ጠየቅሁ፣ አራስ ምራታቸውን ጠየቅሁ። ፀሐይዋ ስታጋድል ወተት አስቀዱልኝ።

«ልጅዎን ምን በደልኳት? እንደ ፖሊስ ጮኸችብኝ እኮ።»

«የቸኮለው ስልኩ ነው፣ አባ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጡባታል።»

«ሦስት ደቂቃ የላሞቼን ስም ለመጥራትም አይበቃም።» ከዚያም፣ «እንግዲያው ሰላምታዋ ባመጣዎት ሾፌር ይምጣ። እሱ ሳይነግረኝ ግን ስልክ አላነሣም» አሉ።

መልስ

ነገሌ ስመለስ አስቴር ሰላምታዋን ለሾፌሩ አንድ በአንድ ነገረችው። መልእክቱ ሜጋ ሲደርስ ደወለች፤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«ስንት?» አሉ አባ ጅሎ።

«ሃያ ጆንያ።»

«ይመጣል።»

ስልከኛዋ ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ደቂቃ ተርፏል። ጨዉ በገበያው ዋዜማ ገባ። አስቴርም ሱቁን አልዘጋችውም።

ክብረ መንግሥት ስገባ ጎረቤቶቼ «ስልኩ ጠቀማት ወይ?» አሉኝ። ጠቅሟታል፤ ሱቋ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እንዲጠቅማት ግን አንድ ሰው ሜጋ ድረስ ሄዶ ስለ አራሷ መጠየቅ ነበረበት። ሌሎቹ ስልክ የገባላቸው ከተሞች ይህን ማን እንደሚሠራላቸው እንጃ።