ስድስተኛዋ ኮከብ

ዊልማ ትሬድዌይ በአሜሪካዋ ታይተስቪል ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንኮራኩር ቡድኖች ልብሳቸው ላይ የሚያሰፉትን የጨርቅ አርማ ነድፋለች፣ ጠልፋለች። ስህተት ስታርም ምልክት አትተውም፤ ያበላሸችውን ክር ትተረትራለች፣ መርፌው ጨርቁ ላይ የተወውን ቀዳዳ በጥፍሯ ጀርባ እያሸች ትደፍናለች፣ ካውያ ታሳርፍበታለች፣ አለቀ። በዚህ ትንሽ ትኩራራ ነበር። ምን ይደረግ፣ እጇ ወርቅ ነዋ!

የፀሐይን ነፋስ የምትለካው ሳተላይት አርማ ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ለቡድኑ አባላት ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብ ነበረ። ስድስት። ስድስተኛዋ የማርሊስ ፅንስ ናት። ይህች ወጣት መሐንዲስ የአምስት ወር ሆዷን ይዛ መጥታ፣ "ሚስ ዊልማ፣ የኔዋን ከፍ ያድርጉልኝ፣ እንደ አባቷ አጭር እንዳትሆን" እያለች ቦታዋን በጣቷ አሳይታ ነበር።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት የቡድኑ አለቃ ሃስክል ደወለ።

"ማርሊስ ፅንሱ ሞተባት። ኮከቧን አይታ እንዳትሰበር አውጪልን። ከንድፉም ጭምር።"

"እሷ ምን አለች?"

"ይሄ ይጠየቃል እንዴ?"

ክፋት አልነበረበትም፤ ብቻ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነ። ዊልማም እያለቀሰች ጠልፋ ከጨረሰቻቸው አርባ አርማዎች ሁሉ ኮከቧን ተረተረች። የእርሳስ ንድፉንም በላጲስ አጠፋችው።

የአርማዎቹን ሣጥን ለመውሰድ የመጣችው ማርሊስ ራሷ ነበረች። አንዱን አንስታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

"ማን አውጪ አለዎት?"

"ሃስክል ነው። እንዳትጎጂ ብለን እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"መቃብር እንኳ የላትም፣ ሚስ ዊልማ። ያለቻት ይቺ ኮከብ ብቻ ነበረች።" ጨርቁን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "የቱ ጋ ነበረች?"

ዊልማ መነጽሯን አደረገች። አርማውን መብራት ሥር ወስዳ አዘነበለችው፤ ሌላም አነሳች። አርባ ጊዜ ያጠፋችው የገዛ እጇ ነው፣ ቦታውን ግን አጣችው። ያን ቀን ሙያዋን ጠላችው።

"አንቺ አልነበርሽ ያሳየሽኝ?"

"ያኔ እየሳቅሁ ነበር። ልብ አላልኩትም።"

ዊልማ መርፌው ላይ ክር አስገባች። "ደስ የሚልሽን ቦታ ንገሪኝ፣ አሁኑኑ እሠራታለሁ።"

"ሌላ ቦታ አልመርጥላትም" አለች ማርሊስ፣ ሣጥኑን እየከደነች። "የራሷ ቦታ ነበራት።"