ያጸዳነውን መልሰን እንድንበትን የታዘዝንበት ጠዋት

ትናንት ጠዋት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለች አንዲት አረንጓዴ ቦታ ላይ ቆሻሻ ልንለቅም ወጥተን ነበር። እሁድ እሁድ አብረን የምንሮጥ ሰዎች ነን።

ጥፋታችን ሯጮች መሆናችን ነው። ከተባለው ሰዓት ቀድመን ደረስን፣ ማዳበሪያ ተከፋፈልን፣ ከዚያ ማን ቀድሞ ይሞላል በሚል እልህ ተያያዝን... ፌስታሉን፣ ሀይላንዱን፣ ዳይፐሩን ሳይቀር ጠራርገን ስንጨርስ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም።

መሀል ላይ እትዬ ሙሉነሽ የራሳቸውን ማዳበሪያ ይዘው ተቀላቀሉን። ቤታቸው ከሣሩ በታች፣ የጎርፍ ቱቦው አፍ አጠገብ ነው። ባለፈው ክረምት ቆሻሻው ቱቦውን ደፍኖት ጎርፍ ቤታቸው ገብቷል። ፍራሽ አልቀረላቸውም። ይህን የነገሩኝ ቀና ሳይሉ፣ እየለቀሙ ነው።

አስተባባሪያችን ናቲ ባነር ተሸክሞ መጣና ሣሩን አይቶ ደነገጠ።

«ማን ጀምሩ አላችሁ?»

«ጨርሰናል እኮ» አልኩት።

«የክብር እንግዳው ሳይመጣ? ዘመቻውን የሚያስጀምረው እሱ ነው! አሁን መጥቶ ምን ሊያነሳ ነው?»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ስልክ ደውሎ ተመለሰ።

«መንገድ ላይ ነው። በቃ፣ ትንሽ ትንሽ መልሳችሁ በትኑት። ለቪዲዮ ነው... ወዲያው ትለቅሙታላችሁ።»

«ናቲ፣ ጤነኛ ነህ?»

«አንተ ደግሞ አታካብድ!»

ከሁሉ ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ እየሳቀ ማዳበሪያውን ገለበጠ። የባንክ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ አስተማሪ... ልጅ ያሳደጉ ሰዎች! ነፋሱ ፌስታሉን እያነሳ ቁልቁል ወደ ቱቦው ነዳው።

እትዬ ሙሉነሽ ማዳበሪያቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ናቲ ጠጋ አለ። «ማዘር፣ እርስዎም ትንሽ...»

«ደጄ ላይ ልትደፋው? በል ና፣ ከቻልክ አንሳኝ!»

እኔም የራሴን ማዳበሪያ አፉን አስሬ አጠገባቸው ቆምኩ።

እንግዳው መጣ። አዲስ ጓንት አጠለቁለት። ካሜራው እየተከተለው፣ የተበተነውን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ወደ እትዬ ሙሉነሽ ሄደ። ከእናት ጋር ፎቶ ያምራል መሰለኝ።

«እናቴ፣ በርቱልን!»

እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከማዳበሪያው አንድ ሀይላንድ መዘዙ።

«ይኸው ጌታዬ፣ ይቺን ያንሱ። ፎቶው ሲያልቅ ይመልሱልኝ።»

ሰውዬው ሳቀ። ሀይላንዱን ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁት... እስኪመልስላቸው ድረስ።

ከዚያ ቁርስ ተባለና አብዛኛው ሰው እንግዳውን ተከትሎ ሄደ። የተበተነውን እትዬ ሙሉነሽና እኔ፣ ከቀሩ ጥቂት ሰዎች ጋር፣ እንደገና ለቀምነው። ቱቦው ውስጥ የገባውን ግን አልደረስንበትም።

ማታ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ዘመቻው በደማቅ ሁኔታ ተጀመረ» ተብሎ ተለጠፈ። ፎቶው ላይ እትዬ ሙሉነሽ የሉም፣ ተቆርጠዋል። የተዘረጋች እጃቸው ብቻ ከዳር ቀርታለች።

ይህን ስጽፍ በቦሌ ሚካኤል በኩል ደመናው ጠቁሯል። ዝናቡ እንደሆነ የክብር እንግዳ አይጠብቅም።