የሐርቡ ወፍጮ ቤት ቡችሎች

ኮምቦልቻ በሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት በሬ፣ በቅሎና ፍየል ግቢውን ሞልቶት ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ ያሰብኩት ላምና በሬ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ተስፋዬ ግን ጋዋን እንደለበስኩ ወደ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ወሰደኝ። እግሩን ሽቦ ቆርጦታል።

«መጀመሪያ አፉን» ብሎ ፋሻ ሰጠኝ። ፋሻውን ከአፍንጫው በላይ አጥልቆ ማጥበቅ፣ ከአገጩ ሥር ማቋረጥ፣ ከጆሮው ኋላ መቋጠር። እንዳለኝ አሰርኩት። ወረፋ የያዙት ገበሬዎች ሳቁብን።

«የመንግሥት መድኃኒት ለውሻ ሆነ እንዴ?» አለ አንዱ።

ዶክተሩ ቁስሉን ከማጠብ ሳያቋርጥ «የአንተን በጎች ከጅብ የሚጠብቀው ማነው?» አለው።

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ሰውየው፣ ራሱም እየሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ኮምቦልቻም ደሴም ሠርቻለሁ። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ቡችላው መቼ ጡት ይተው፣ መቼ ይከተብ፣ መቼ ለሰው ይሰጥ። መልሱን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ያወቅሁት ግን ኮምቦልቻ አጠገብ ባለችው ሐርቡ ላይ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ሐርቡ ውስጥ ያበደ ውሻ ገብቶ ከብት ነከሰ። የአሊን ልጅ ዘይነባንም እግሯ ላይ ነከሳት። አሊ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቁስሉን በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ደሴ ሆስፒታል አደረሳት፤ መርፌዋንም ሳታቋርጥ ጨረሰች። ልጅቷ ዳነች። አባትየው ግን ከዚያ በኋላ ውሻ ባየ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እኔና ዶክተር ተስፋዬም ተጠርተን ሄድን። አሊ ተነሳና «ያ ጀማዓ፣ እኔ ልጄን በእጄ ይዤ ያን መንገድ ሄጃለሁ። ማናችሁም እንድትሄዱበት አልመኝም። ውሻ የሚባል ይጥፋልን» አለ። ብዙው ሰው «ልክ ነው» አለ። ምን ተብሎ ይቃወማል?

ከኋላ በኩል ሐጂ ይመር ተነሱ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ረጅም፣ ዱቄት ከሽበታቸው የማይለይ ሽማግሌ። «አሊ፣ ሐቅ ተናገርክ» አሉ። «ነገር ግን ውሻዬ ዳማ ከወፍጮ ቤቱ ግቢ ወጥታ አታውቅም። አሁን ደግሞ አራስ ናት። ከነልጆቿ ግደል ብትሉኝ ወላሂ እጄ እሺ አይለኝም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተር ተስፋዬ የመከረው አጭር ነበር፤ ባለቤት ያለው ትልቅ ውሻ ሁሉ ተከትቦ ይታሰር።

«ቡችሎቹስ?» አለ አሊ።

«ገና ናቸው። ለእብድ ውሻ በሽታ የምንከትበው ሦስት ወር ሲሞላቸው ነው።»

«እስከዚያስ ማን ዋስ ይሆናል?»

ሐጂ «እኔ» አሉ። ዶክተሩ ደግሞ ወደ እኔ ጠቆመና «እሷም በየሳምንቱ መጥታ ታያቸዋለች» አለ። ሳይጠይቀኝ! ቀበሌውም ወሰነ፤ ቡችሎቹ ሳይከተቡ አንዳቸውም ከግቢው አይወጡም፣ ከወጡ ሐጂ ሁሉንም ያስወግዳሉ።

ዳማን በማግስቱ ከተብኳት። ስሟን ያገኘችው ከመልኳ ነው፤ ቀላ ያለች፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት ውሻ። የወለደችው ከጆንያ ማከማቻው ጥግ ነበር። ሐጂ ውሻ ቤታቸው አያስገቡም፤ ለማከማቻው ግን ጭድ አንጥፈውላት፣ አጥሩን በእሾህ አስደፍነውላት ነበር።

በሐርቡ ሙቀት የክትባቱን የበረዶ ሳጥን አንግቼ ወደ ሌላው ቀበሌ ሳልፍ፣ በየሳምንቱ ወፍጮ ቤቱ ጎራ እላለሁ። የቡችሎቹ ዓይን ተገለጠ፣ ቆመው መንገዳገድ ጀመሩ። ጥርስ ሲያወጡ ዳማ እየጠቡ ሳለ ተነስታ ትሄድ ጀመር።

«ጠላቻቸው እንዴ?» አሉ ሐጂ ደንግጠው።

«አይ፣ ነከሷት። አሁን ምግብ እናስለምድላታለን» አልኳቸው። ሞቅ ባለ ውሃ የቀጠነ ወተት በዝርግ ሳህን አቀረብን። እግራቸውን ነከሩበት፣ አስነጠሱበት፣ አንዱ ተኛበት። ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥሎ እንጀራ እያላምን ፈተፈትንበት፤ እያደር ወተቱን ቀንሰን ፍትፍቱን አበዛን። እናትየዋን ቀን ቀን ለይተን ወፍጮው በር ላይ እናስራታለን፣ ሲመሽ ትመለሳለች። እንዲህ ሲሆን ጡቷም አያብጥም፣ እነሱም አይጎዱም።

በዚህ መሐል አንድ ቀን ስደርስ ቄስ ገብሬ ግቢው ውስጥ ቅርጫት ይዘው ቆመዋል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ከሐጂ ጋር የድሮ ወዳጆች ናቸው። ውሻቸውን ጅብ ወስዶባቸው፣ ዳማ ሳትወልድ ገና ሐጂ አንድ ቡችላ ሊሰጧቸው ቃል ገብተውላቸው ነበር። ሐጂም አንዱን ቡችላ አቅፈው ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ጭንቀት ይነበባል።

«መምሬ፣ ይህ ገና አልደረሰም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ስንት ውሻ አሳድጌአለሁ። ወተት አጠጣዋለሁ» አሉ ቄሱ።

ቡችላውን ተቀብዬ ብቻውን ፍትፍቱ ፊት አስቀመጥኩት። አሸተተው፣ ከዚያ ትቶት ወደ እናቱ እያለቀሰ ዳኸ። «ከወንድሞቹ ጋር ሲሆን ይቀምሳል፤ ብቻውን ግን እምቢ ይላል። ዛሬ ከወሰዱት ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይከሳል። የቀበሌውም ውሳኔ አለ። እርስዎ አንዱን ቢወስዱ ሌሎቹ ሁሉ ይጠፋሉ።»

ቄስ ገብሬ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። ከደሴ ድረስ መምጣታቸው ቀላል አልነበረም፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ሐጂ መሬት መሬት እያዩ «መምሬ፣ ቃሌን አላጠፍኩም» አሉ። «ይምረጡና ክር ይሰሩበት። የእርስዎ ነው። እኔ ዘንድ ያለው በአደራ ነው።»

ቄሱ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙ። ያንኑ ያለቀሰውን መረጡ። አንገቱ ላይ ላላ አድርገው እያሰሩ «እንግዲህ አደራ በልታችሁ እንዳላገኛችሁ» አሉ። ሐጂ «አብሽሩ፣ አይስጉ» ብለው ሳቁ፤ ቅርጫቱንም ሎሚ ሞልተው ሸኟቸው።

ሁለት ወር አካባቢ ሲሞላቸው ሁሉም ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለመስጠት ጥሩው ሰዓት ያ ነው። የቀበሌውን ቃል ግን ጠበቅን። የውሻ ተቅማጥና ሳል የሚከላከሉት ክትባቶች ያኔ እኛ ጋ ስለማይገኙ፣ ሌላ ውሻ እንዳይጠጋቸው አጥሩን እየዞርን እናይ ነበር። የሆድ ትል መድኃኒት ሰጠናቸው። ሰው እንዲለምዱም እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች እንዲዳብሷቸው ጠየቅሁ። አንዷ «እኔ ጤፍ ላስፈጭ መጣሁ እንጂ ውሻ ላቅፍ?» ብላ አቅፋ ቆየች።

የክትባቱ ቀን ዶክተር ተስፋዬም መጣ። ቄስ ገብሬ ቅርጫታቸውን ይዘው ቀድመውን ደርሰዋል። ሊቀመንበሩ መጣ። ከእሱ ኋላ አሊ ብቻውን ገባና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ማንም አልጠራውም ነበር።

አንድ በአንድ የትከሻቸውን ቆዳ ሳብ እያደረግሁ ወጋኋቸው። ባለክሩ ተራው ሲደርስ ተወራጭቶ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል፣ አሊ ተንደርድሮ ጀርባውን ያዘልኝ። እንዴት እንደያዘው ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ወግቼ ስጨርስም እጁን አላነሳም።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ። ክትባቱ እስኪይዘው ጥቂት ሳምንት ከመምሬ ግቢ አይወጣም። በየዓመቱ ደግሞ ይደገምለታል።»

«በየዓመቱ» አለ አሊ። ቡችላውን ለቄሱ በእጁ ሰጣቸው።

ሌሎቹ ሐርቡና ኮምቦልቻ ላሉ ሰዎች ተሰጡ፤ አንዷን ሴትዮዋ ከጤፍ ዱቄቷ ጋር ወሰደቻት። አሊ ውሻ አልወሰደም፤ ዘይነባ እንደምትፈራ ነገረን፣ ማንም አልገፋፋውም። በሚቀጥለው ዓመት ለክትባት ዘመቻ ስንሄድ ግን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ይዞ «ውሻችሁን አውጡ!» እያለ በየበሩ የዞረው እሱ ነበር። እንደዚያ ቀን ብዙ ውሻ ከትቤ አላውቅም። ወገቤ ተቆርጦ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ለአዲስ ረዳቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ቡችላ ጡት የሚተወው ብቻውን መብላት ሲችል ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋል፣ በየዓመቱም ይደገማል። የሚሰጠው ደግሞ ሊያበላው፣ ሊያስረውና ሊያስከትበው ለሚችል ሰው ነው። ባለቤቱ ሲቸኩል ምክንያቱን ነግራችሁ አስቆዩት።